ነገ ገንዳ ከመግባትሽ በፊት

ያቺን ትንሽ ፎጣ አውጪና ትልቁን ክተቺ። ያቺ ፊት መጥረጊያ ናት። ብርዱ የሚይዝሽ ውሃው ውስጥ ሳለሽ ሳይሆን ከወጣሽ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ሲበርድሽ እግርሽ እንዴት እንደሚገተር ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጋቢም ያዢ። ገንዳ ዳር ጋቢ ለብሳ የተቀመጠች ልጅ አይቼ አላውቅም፤ እና ምን ይጠበስ? የመጀመሪያዋ አንቺ ሁኚ።

ቦርሳሽን እያዘጋጀሽ ስሚኝ፤ ዞር ማለት አያስፈልግሽም። አንዳንዱን እንደ ታላቅ እህት፣ አንዳንዱን ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉልበትና ዳሌ ስታፍታታ እንደምትውል ፊዚዮቴራፒስት ነው የምነግርሽ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አንቺ ለዪው።

በመጀመሪያ የእማዬን ነገር እንጨርስ። እማዬ ዛሬ ማታ ስትጸልይ ታድራለች። ይገባኛል። አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ በቤታችን ውሃ ማለት ጠበል ነው፤ በሌሊት ተነስቶ፣ በባዶ ሆድ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ትከሻሽ ላይ ሲወርድ አንቺ ድርቅ ትያለሽ፣ እማዬ ደግሞ ከጎንሽ ቆማ ዛሬስ ትነሳ ይሆን እያለች ታይሻለች። ጠበል መሄድሽን አልቃወምም፤ በፈለግሽ ጊዜ ሂጂ፣ እምነትሽ የራስሽ ነው። ግን እዚያ ሥራው የውሃው ነው፣ የአንቺ ድርሻ መጠበቅ ነው። ገንዳ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው ዝም ብሎ ይተኛል፣ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ድነሽ እንድትወጪ የሚጠብቅም ሰው የለም። ዕድሜሽን ሙሉ ስትጠበቂ ለኖርሽው ለአንቺ ይሄ ራሱ እረፍት ነው።

አንቺ ያለብሽ ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው፤ በማህፀን፣ በምጥ ሰዓት፣ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት። የአንጎሉ ጉዳት አንዴ ከደረሰ በኋላ እየሰፋ አይሄድም፤ በውሃም ታጥቦ አይለቅም። ታዲያ በልጅነትሽ እስከ ትምህርት ቤት በእግርሽ ትሄጂ የነበርሽው ልጅ አሁን ታክሲ ተራው ድረስ መድረስ ለምን ከበደሽ? “ባሰባት” የሚሉትን ጎረቤቶች አትስሚ። ቁመት ስትጥዪ አጥንትሽ ቶሎ ረዘመ፤ የተገተረው ጡንቻሽ ግን እኩል መከተል አቃተው። ኪሎም ጨመርሽ። ጉልበት ታጥፎ፣ ጣት መሬት እየጫረ መራመድ ደግሞ አንዳንዴ ከእኩዮችሽ 2 እና 3 እጥፍ አቅም ይጨርሳል። ስለዚህ ደከመሽ፤ ስለደከመሽ ተቀመጥሽ፤ ስለተቀመጥሽ ልብና ሳንባሽ ሰነፉ፤ እነሱ ሲሰንፉ ይበልጥ ደከመሽ። ይህን ዙሪያ ጥምጥም አንድ ቦታ ላይ መበጠስ አለብን፤ ውሃ የሚጠቅመን ለዚያ ነው።

እምብርትሽ ድረስ ባለ ውሃ ስትቆሚ እግርሽ የሚሸከመው የክብደትሽን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ደረትሽ ሲደርስ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ አንገትሽ ሲደርስ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። መሬት ላይ ለመቆም ብቻ የምታፈሺው አቅም ለመራመድ ይተርፍሻል። ሚዛን ብትስቺም ዘፍ አትይም፤ ቀስ ብለሽ ነው የምታዘነብዪው፣ ለመመለስ ጊዜ አለሽ። ውሃ ደግሞ ፈጠን ባልሽበት ቁጥር ይከብድሻል፣ ዝግ ስትዪ ይለቅሻል። የምትገፊውን ክብደት በየሰከንዱ የምትመርጪው ራስሽ ነሽ ማለት ነው። እንዲህ የሚታዘዝ መሣሪያ ጂም ውስጥ አላየሁም።

ሙቀቱ ላይ ግን ድርድር የለም። ለእንዲህ ያለ ልምምድ የሚመረጠው ውሃ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ ለሚፎካከር ዋናተኛ ይመቻል፣ የአንቺን ጡንቻ ግን ያስቆጣዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣሪያ የሌለው ገንዳ ምን እንደሚመስል አስቢው። ስልክ ስትደውዪ “ሙቅ ነው ወይ?” ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ሙቅ ነው ነው የሚሉት። “ዛሬ ስንት ዲግሪ ነው?” በይ። የሚመልስልሽ ካጣሽ ሌላ ቦታ ደውዪ።

የሚያስቀኝ ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ሰበብ መሆኑ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩ፣ ከተማዋ ከዚያ ጀመረች። ዛሬም ፍል ውሃ ገብቶ መዘፍዘፍ ደስ ይላል። ግን መዘፍዘፍ ልምምድ አይደለም። ከ40 ዲግሪ ያለፈ ውሃ ሰውነትን ያፍታታል፣ ከዚያ ያደክማል፣ ራስ ያዞራል፤ እዚያ ውስጥ ስፖርት አይሠራም። ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት ስንሄድም ከፍል ውሃው ምንጭ ራቅ፣ ውሃው ለብ ወዳለበት ገንዳ ነው የምንሄደው። ሐይቅ እንዳታነሺብኝ። የላንጋኖ ውሃ ደፍርሶ ቡናማ ስለሆነ እግርሽን የት እንደምታሳርፊ አይታይሽም፤ ጣናና ዝዋይ ብልሃርዚያ አለ፤ የጫሞ አዞዎች ደግሞ አካል ጉዳተኛ ናት ብለው አይራሩልሽም።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት ስለ መጻጉዕ ሲሰበክ ሰው ልቡ የሚሞላው አልጋውን ተሸክሞ የሄደበት ቦታ ላይ ነው። እኔ የምቆመው ከዚያ በፊት ነው። 38 ዓመት ሙሉ የታመመው ያ ሰው የተኛው እኮ መጠመቂያው ዳር ነበር፤ ውሃው ቅርቡ ነበር፣ ያጣው የሚያወርደው ሰው ነው። የከተማችን ገንዳዎችም ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ውሃ አላቸው፣ መውረጃቸው ግን ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው። አንዱ ጋ ሄጄ ስጠይቅ “እኛ ሕክምና አንሰጥም” አሉኝ፤ የጠየቅሁት ግን ደረጃ አላችሁ ወይ ብዬ ነበር። ሕጉስ አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል፤ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ስፖርትና መዝናኛን በስም ይጠቅሳል። ይህን እወቂው፤ አንድ ቀን ያስፈልግሽ ይሆናል። ነገ ግን የምንሄደው ሰፊ የሲሚንቶ ደረጃና መደገፊያ ብረት ያለው ገንዳ ነው። ሌላ ጊዜ መሰላል ብቻ ከገጠመሽ ጠርዙ ላይ ተቀመጪ፤ ረዳትሽ ቀድማ ውሃው ውስጥ ትቁም፤ ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብለሽ ተንሸራተቺ። ማንም ሰው በክንድሽ ወይም በብብትሽ አንጠልጥሎ አያውርድሽ። እግርሽንም በግድ እንዳይበረግዱት፤ እንደ አንቺ ጡንቻቸው በሚገተር ልጆች ዳሌ ከቦታው መንሸራተት የተለመደ ነው፣ ባለፈው ያስነሳንሽን ራጅ ደግሞ ሐኪሙ በየጊዜው ይድገሙት ብሏል።

ነገ የምታገኚያት አሠልጣኝ ዋና ታውቃለች፤ አንቺን ግን አታውቅሽም። ስለ ሰውነትሽ የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ፤ አትፈሪ። ከመግባታችሁ በፊት፣ ደረቅ ቦታ ላይ ሆናችሁ ንገሪያት። ግራ እጅሽ ሲጨበጥ በግድ እንዳትፈለቅቀው፤ ውሃው ሲሞቅሽ ራሱ ይለቃል። ድንገት ውሃ ሲረጭ ወይም ሰው ሲጮህ ሁለመናሽ እንደሚገተር፣ ስትስቂም እንደዚያው እንደሚያደርግሽ ንገሪያት። ለዚህም ነው ቅዳሜን ያልመረጥነው፤ ቅዳሜ ገንዳው በሚዘሉ ልጆች ይሞላል። ደግሞ ምልክት ተስማሙ። ስትደክሚ ንግግርሽ ይወፍራል፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ አፍሽ ሌላ ሥራ አለው፤ ስለዚህ ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረግሽ “በቃኝ” ማለት ነው። ያኔ ያለ ክርክር ወደ ደረጃው። “አንዴ ብቻ ድገሚ” የምትል ከሆነ ሌላ አሠልጣኝ እንፈልጋለን።

ለንደን ውስጥ ሃሊዊክ የሚባል የአካል ጉዳተኛ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ጄምስ ማክሚላን የሚባል መሐንዲስ እዚያ ልጃገረዶቹን ዋና ማስተማር ጀመረ። ሐኪም አለመሆኑ ደስ ይለኛል፤ ያየው በሽታን ሳይሆን ውሃ ውስጥ የገባ አካል እንዴት እንደሚንሳፈፍና እንደሚዞር ነው። ዘዴው ዛሬ በትምህርት ቤቱ ስም በብዙ አገር ይሠራበታል። ክንድ ላይ የሚታሰር ፊኛ፣ ወገብ ላይ የሚጠለቅ ጎማ የሚባል ነገር የለም፤ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር አንድ ሰው ይገባል፣ ድጋፉንም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ነገ ጎማ ቢያቀርቡልሽ አመስግነሽ መልሺ። ጎማ የተሠራው ሁለቱም ጎኑ እኩል ለሆነ ሰው ነው፤ አንቺን በአንድ በኩል አንስቶ በፊትሽ ሊደፋሽ ይችላል፣ ከዚያ መገልበጥ መከራ ነው።

በሃሊዊክ ዘዴ መጀመሪያ የሚማሩት መዋኘትን አይደለም፤ መተንፈስን ነው። ውሃ አፍሽ ጋ ሲደርስ ሰውነትሽ የሚፈልገው ወደ ውስጥ መሳብ ነው፤ ትን የሚልሽም ለዚያ ነው፣ በተለይ መዋጥ ለሚያስቸግርሽ ለአንቺ። ስለዚህ አዲስ ልማድ እናስገባ። ውሃ ከንፈርሽን በነካ ቁጥር ንፊ። የቡና ከሰል ስታቀጣጥዪ እንደምትነፊው፣ ረጅም አድርገሽ። የነገው ክፍለ ጊዜ በሙሉ አረፋ መንፋት ብቻ ሆኖ ቢያልቅ ገንዘባችን ባከነ አልልም።

ቀጥሎ የሚመጣው መገልበጥ ነው፣ እዚህ ላይ ቸኩለሽ እንዳትዘዪው። በጀርባሽ ስትንሳፈፊ ወደ ግራ ልትዞሪ ነው፤ የተገተረው ጎንሽ ይሰምጣል፣ ሌላውን ይጎትተዋል። አትታገይው። ራስሽን ቀስ አድርገሽ ትንሽ ወደ ቀኝ መልሺ፤ ራስ ከባድ ነገር ነው፣ ሰውነትሽ ይከተለዋል። ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ሁሉ ይታፈናል፣ መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ከዚያ ትወጂዋለሽ። በፊትሽ ብትወድቂ ተንከባለሽ በጀርባሽ ሆነሽ አየር መሳብ እስክትችዪ ድረስ ማንም ሰው “አሁን መዋኘት ትችላለች” እንዲልሽ አልፈልግም። ይህን የቻለ ሰው ውሃ አይገዛውም፤ ይህን ሳይችል በደረቱ የሚንቦጫረቅ ግን ዕድል ነው የያዘው።

ከዚያ በኋላ መዋኘት ከፈለግሽ በጀርባሽ ሆነሽ ሁለቱንም እጅ አንድ ላይ እየቀዘፍሽ ጀምሪ። እግርሽ ቢጎተት ይጎተት። ሳሻ ኪንድሬድ የሚባል እንግሊዛዊ ዋናተኛ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2016 በ6 ፓራሊምፒክ ተወዳድሮ ወርቅ አጥልቋል። ይህን የምነግርሽ ሜዳልያ አምጪ ለማለት አይደለም። እግርሽ ቪዲዮ ላይ እንደሚታየው ዋናተኛ ካልሆነ ዋና አይደለም የሚልሽ ሰው ከተገኘ የምትመልሺለት እንዲኖርሽ ነው።

ላብ የሚያስወጣሽ ግን መራመዱ ነው። ደረትሽ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን። ተረከዝሽን ቀድመሽ አሳርፊ፤ መሬት ላይ እምቢ የሚልሽ ተረከዝ ውሃ ውስጥ ሲወርድ ታዪዋለሽ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ መነሳትም ጨምሪበት፤ መጀመሪያ ውሃው ጥልቅ ከሆነበት ደረጃ፣ ስትበረቺ ወደ ላይኛው እየወጣሽ። ልክሽን በንግግር ለኪ። ማውራት እየቻልሽ መዝፈን ካልቻልሽ ልክ ነው፤ መዝፈን ከቻልሽ እየቀለድሽ ነው፤ ማውራት ካቃተሽ ቁሚ። በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን ጀምረን እስከ 3 እናደርሰዋለን፤ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ክፍል ወደ 20 ደቂቃ ያህል ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆችና ወጣቶችም እንደ ማንኛውም ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። እዚያ ለመድረስ ጊዜ አለን።

ውሃ የማያደርገውንም ልንገርሽ፣ በኋላ እንዳታዝኚብኝ። የሚያፍታታሽ ለሰዓታት ነው፤ ማታውን ወይም በማግስቱ መገተሩ ይመለሳል። አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ስለሆነ ቤት ውስጥ ቆመሽ የምትሠሪውን አልሰርዝልሽም። በውሃ ልምምድ ላይ የተሠሩት ጥናቶችም አብዛኞቹ በጥቂት ልጆች ላይ ናቸው፤ እንቅስቃሴያቸው እንደተሻሻለ፣ ከምንም በላይ ደግሞ ልጆቹ እንደወደዱት ያሳያሉ፣ ተአምር ግን አያወሩም። እኔን “እንደወደዱት” የሚለው ይበቃኛል። የማትወጂውን ስፖርት ስንቴ ጀምረሽ እንደተውሽው አይተናል።

ጓደኛሽም ልምጣ ብላሻለች አይደል? ትምጣ። ግን እሷን የሚጥል በሽታ ይይዛታል፤ ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር ውሃ ውስጥ አትገባም። መድኃኒቷን ያልወሰደች ቀን፣ ሳትተኛ ያደረች ቀን፣ ያተኮሳት ቀን ገንዳ የለም። ስትገባ አንድ ሰው ክንዱ በሚደርስበት ርቀት ላይ ሆኖ ዓይኑን ከእሷ አያነሳም፤ ስልክ የያዘ ሰው ጠባቂ አይባልም። ብትያዝ ፊቷን ከውሃ በላይ ይዞ እስኪያልፍ መደገፍ፣ ከዚያ ማውጣትና ውሃ ስለምትውጥ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ይህን ለእናቷ እኔ እደውልላታለሁ፤ አንቺ ስታሳጥሪው አውቅሻለሁ።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። የዋና ልብሱን ሦስት ጊዜ አውጥተሽ መልሰሽ ስትከቺ አይቻለሁ። እጅጌውና ቁምጣው ረዘም ያለውን ልበሺ፤ ይሞቅሻል፣ ያደባባዩን ዓይንም ይቀንስልሻል። ቀጭን እግርሽን ያያሉ? አዎ፣ ያያሉ። ደረጃው ላይ ነው የሚያዩሽ፤ ደረትሽ ድረስ ከገባሽ በኋላ ማንም ለይቶ አያውቅሽም፣ እኔም ከሩቅ ራስሽን ብቻ ነው የማየው። የወር አበባሽ የመጣ ቀን ሞዴስ አድርጎ መግባት አይቻልም፣ ውሃ ይጠጣል፤ ያን ቀን ለአሠልጣኟ “አልመጣም” ብሎ መላክ በቂ ነው፣ ምክንያት መዘርዘር የለብሽም። ሹሩባሽን ዛሬ ማታ ጠበቅ አድርጌ እሠራልሻለሁ፤ ክሎሪኑ ጸጉር ያደርቃል፣ ኮፍያው ሥር ቅባት እናደርጋለን።

ከሁሉ አደገኛው ቦታ ገንዳው አይደለም፤ ዳሩ ነው። እርጥብ ሴራሚክ ላይ፣ የእግር ድጋፍሽን አውልቀሽ፣ በደከመ እግር። ስትወጪ ክብደትሽ በአንድ ጊዜ ይመለስብሻል፤ ጉልበትሽ ይከዳሻል፣ አትደንግጪ። መጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጠሽ ትንፋሽሽ እስኪመለስ ቆዪ። ኮንጎ ጫማ አይሆንም፣ ከእግርሽ ይወልቃል፤ ያንን ተረከዙ የሚታሰረውን ሰንደል ያዢ። ጣትሽ የገንዳውን ወለል ስለሚጭር ለውሃው ውስጥ ደግሞ ካልሲ አድርጊ፤ ባለፈው ዓመት የተላጠው ጣትሽ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ታስታውሻለሽ። ታጥበሽ ከደረቅሽ በኋላ ጡንቻሽ ገና ሞቅ እንዳለ ነው የማሳሳብ ልምምዱን የምንሠራው፤ ያ ሰዓት ወርቅ ነው፣ ፀጉር በማድረቅ አናባክነውም። በሶውን በጠርሙስ በጥብጬልሻለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ትጠጪዋለሽ።

ስትመለሺ እማዬ በር ላይ ቆማ የምትጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ “ለውጥ አለው?” አትቆጪያት። የምትነግሪያት ይኑርሽ። ሰማያዊዋን ደብተር የቦርሳሽ የጎን ኪስ ውስጥ የከተትኳት ለዚያ ነው። ገንዳውን በወርዱ ስንት ጊዜ ተሻገርሽ፣ ሳታርፊ ስንት ደቂቃ ቆየሽ፣ ማታ እግርሽ ሳይቀሰቅስሽ አደርሽ ወይ፣ በማግስቱ ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ እንዴት ነበር፤ ይህን ጻፊ፣ ለእማዬም አንብቢላት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ይሠራል አይሠራም ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ልምጣና ልይሽ ካለች ደግሞ የመጀመሪያውን ወር አይሆንም በያት። ውሃው አገጭሽ ጋ በደረሰ ቁጥር “እመቤቴ ድረሺላት!” ብላ ትጮሃለች፣ አንቺም ትገተሪያለሽ። ከዚያ በኋላ ትምጣ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እግሯን ትንከር፣ ለጉልበቷም አይከፋም።